ልጃችሁ ነኝ ቢልም

በሕይወቴ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሰማኝ አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ያኔም የሰሙኝ በሞንታርቦ ስለጮኽሁባቸው ነው። ኮሮና ገብቶ አገሩ ሁሉ በር በዘጋበት ሰሞን፣ ከምሠራበት የሱፐርማርኬት መጋዘን ያለ ደሞዝ ቤትህ ተቀመጥ ተብዬ፣ አሽቀሎን፣ ባርኔአ የሚባለው ሰፈር ካለችው የኪራይ ቤቴ ጣራ ጣራውን እያየሁ ተጋድሜ ነበር። ስልክ ተደወለ። ከኢትዮጵያ ለመጡ ሽማግሌዎች ምግብና መድኃኒት የሚያዳርስ አንድ የእርዳታ ቡድን መቋቋሙንና፣ በመኪና እየዞረ መመሪያውን በአማርኛ የሚያሰማ ሰው መፈለጉን ነገሩኝ። ሽማግሌዎቻችን በስልክ የሚላከውን ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ብዙዎቹ አማርኛውንም አያነቡም። ጆሮ ግን አላቸው። "አንተ ራዲዮ ላይ ሠርተህ የለ?" አሉኝ።

ራዲዮ ላይ መሥራቴ እውነት ነው። አንድ በጋ ሙሉ የጤፍና የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። ከዚያ ዝግጅቱ ተቋረጠ፤ እኔ ግን ሳልቋረጥ ቀረሁ። ሱቅ ገብቼ ሽንኩርት ስጠይቅ እንኳ ድምፄን አወፍር ነበር። እናቴ አብራኝ ስትሆን ቀና ብላ ታየኝና "ጉንፋን ያዘህ እንዴ?" ትለኛለች። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ሞንታርቦ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቢኖር መስተዋት ፊት ቆሜ ጉሮሮዬን መጠራረግ ነው።

መኪናዋ ነጭ፣ ትንሽ፣ ጣራዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ የታሰረባት ናት። ነጂዋም አዛዧም አንዲት ወታደር ነበረች። እዚሁ አገር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ ስትመልስ ግን በዕብራይስጥ የምትመልስ፣ ምላሷ የተሳለ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምበልጣት "ጋሼ" ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "አኺ፣ ቀበቶህን እሰር" አለችኝ። አኺ ወንድሜ ማለት ነው። ለመጋዘን ጓደኞቻችንም እንደዚያው ነው የምንለው።

የተሰጠኝ የዕብራይስጥ መመሪያ አጭር ነበር። ቤታችሁ ተቀመጡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ትኩሳት ያለበት ቢዱድ ይግባ፣ ከሰው ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ ማለት ነው፤ አብሯችሁ ለማይኖር ሰው በር አትክፈቱ። ይህችን ሳገላብጣት ውዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ራማት ኤሽኮል የሚባለው ሰፈር ደርሰን መኪናዋ ስትቆም እንዲህ አልሁ፦ "የተከበራችሁ የአሽቀሎን ነዋሪዎች! የወረርሽኙን ሥርጭት ለመግታት አካላዊ ርቀታችሁን እንድትጠብቁ፣ የሕመም ምልክት የታየበት ግለሰብ ወደ ለይቶ ማቆያ እንዲገባ፣ በጥብቅ እናሳስባለን!"

ሰው በረንዳው ላይ ወጣ። እኔም ይበልጥ ወፈርሁ። ጨርሼ ወደ ወታደሯ ዞርሁ፤ ምስጋና ጠብቄ ነው።

"ሎ ሄቫንቲ" አለችኝ፤ አልገባኝም ማለቷ ነው። "ኮሮና የምትለውን እንኳ አላልህም።"

እውነቷን ነው፤ ወረርሽኝ ብዬ ኮሮናን ረስቼዋለሁ። ይህን እየተነጋገርን ሳለ ከሁለተኛው ፎቅ አንዲት አዛውንት የበረንዳውን ብረት ይዘው ጮኹ። "አንተ ሰው፣ ለይቶ ማቆያ አልህ?"

"አዎን እማማ!"

"ጎንደር ላይ ከልጆቼ ለይተው፣ ፈቃድ ጠብቂ እያሉ ስንት ዓመት አቆዩኝ። አሁን ደግሞ እዚህም መጣ?" አሉና እያለቀሱ ገቡ።

ሴትዮዋ ልጆቻቸው ቀድመው መጥተው፣ እሳቸው ወረቀት እስኪያልቅ ጎንደር ላይ ከቀሩት ናቸው። መለየትንና መቆየትን በአንድ ቃል አስሬ ከመኪና ላይ ስወረውርባቸው ምን ሊሰማቸው እንደሚችል ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። አማርኛዬን ሳሳምር ነበርና። ወታደሯ ሞተሩን አስነሣች። "ቢዱድ በላቸው፣ ዜሁ" አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። "ቢዱድን ሁሉም ያውቃል።" ንጹሕ አማርኛዬ ውስጥ ቢዱድን ማስገባት ወጥ ውስጥ ድንጋይ የመጨመር ያህል ቢቆረቁረኝም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢዱድ አልሁ።

ያን ስላጣሁ ግን ሌላ ማሳመሪያ ፈለግሁ። አብሯችሁ ለማይኖር ሰው በር አትክፈቱ የሚለው ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ባዶ መሰለኝ። ጆሮ ላይ የሚቀር ነገር ያስፈልገዋል። እናም ከራሴ ጨመርሁበት። "ልጃችሁ ነኝ ቢልም አትክፈቱ!" ማንም እንዲህ በል አላለኝም፤ ወረቀቱም ላይ የለም። ሕንፃዎቹ መካከል ስለው ግን እየተጋጨ፣ እየተንከባለለ ወደኔ ይመለስና ደስ ይለኝ ነበር። ሲመለስ "አት" የምትለዋ መንገድ ላይ ትቀርና "ክፈቱ፣ ክፈቱ" እያለ እንደሚመጣ የነገረችኝ ወታደሯ ናት። ምቀኝነት ነው ብዬ ናቅኋት።

እናቴ ሺምሾን ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከእሷ ሌላ ወላጅ የለኝም። ምግብ የያዘ ሣጥን ሳደርስላት በሩ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ፣ ደረጃውን ወርጄ ቆሜ ስትወስድ አያት ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ከምስሩና ከዘይቱ ጋራ ኮርንፍሌክስ ይኖራል፤ እሱን ለርግቦች ትበትነዋለች። ማታ ማታ እደውልላታለሁ። አንድ ማታ እንዲህ አለችኝ።

"ዛሬም ያ ሰውዬ መጣ።"

"የቱ ሰውዬ?"

"በመኪና የሚለፍፈው። ምን የመሰለ አንደበት ነው! እንዴት ያለች የታደለች እናት ትሆን የወለደችው?"

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት በስልክ ይነገራል? ሁሉ አልፎ በር ሲከፈት፣ ፊቷ ቆሜ፣ "የተከበሩ እናቴ!" ብዬ ጀምሬ እንዳስለቅሳት አቀድሁ። እስከዚያው ግን ሙገሳውን መስማት ለምጄው፣ በማግስቱ ቀድሜ "ያ ሰውዬ ዛሬስ መጣ?" እላት ጀመር። "መጣ እንጂ። እንዴት ያለ ድምፅ!" ትለኛለች። እኔም በትሕትና "ደህና ነው፤ ትንሽ ይፈጥናል" እያልሁ ራሴን እተቻለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚወስደኝ ፈገግ እንዳልሁ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ከወታደሯ ጋራ ባሕሩ ዳር መኪናዋን አቁመን ሱፍ ስንፈለፍል እናቴ ራሷ ደወለች። ስልኩ ከመኪናዋ ራዲዮ ጋራ ተያይዞ ስለነበር ንግግሯ ሁሉ ይሰማል።

"ይኸ ቢዱድ ቢዱድ የምትሉት" አለች፣ "የኛው የመርገም ጎጆ አይደለም እንዴ?"

ወታደሯ ሱፍ መፈልፈሏን አቆመች።

"እምዬ፣ ሰው ይሰማል" አልሁ።

"ይስማ! ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? ሴት ደሟ ሲመጣ ከመንደር ወጣ ብላ ጎጆ ትገባለች። ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል። ምግቧን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡላታል፤ አልፎ የሚገባ የለም፤ ልጇም ቢሆን አይገባም። አንተም እያለቀስህ ድንጋዩን አልፈህ ስትመጣ በጭራሮ ነበር የምመልስህ። ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ወጥታ፣ ታጥባ ትመጣለች። መንግሥት አሁን ነው የደረሰበት?"

ወታደሯ በሳቅ መሪው ላይ ተደፋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "እናትህ ማይክሮፎኑን ትያዝ፤ ቶቭ ሜኦድ ነው" አለችኝ፤ በጣም ጥሩ ነው ማለቷ ነው። እኔ ግን ጎጆውን ከአዋጄ ጋራ ማወዳደሯ ትንሽ ከፍቶኛል። እሷ የተናገረችውን ሁሉም ሰው ይረዳዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ራዲዮ ላይ አይነገርም ብዬ ተጽናናሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስደውል ሳለች። "አቧራ ነው" አለችኝ። ሰውየውን አላነሣችውም። እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ "ደህና ነው፣ እንዲያው ይለፋል" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቅር አለኝ፤ ሳሉ ሳይሆን ሙገሳው መቀነሱ ነው ቅር ያለኝ። በማግስቱ ጠዋት ብደውል አታነሣም። ደግሜ ብደውል አታነሣም። ከፊት ለፊቷ ያሉት ጎረቤቷ፣ እትዬ የምላቸው፣ ደወሉልኝ። "ትናንት የመጣላት ሣጥን እስካሁን በሩ ላይ ነው ልጄ። ሳንኳኳ ትስላለች እንጂ አትከፍትም።"

ያን ጊዜ ሌላ ሰፈር ሆነን ልለፍፍ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነበር። ለወታደሯ ስነግራት በአንድ እጇ እየነዳች በሌላው አምቡላንስ ጠራች። ሺምሾን ስንደርስ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለልሁ ወጣሁ። ሣጥኑ እንደታሸገ በሩ ላይ አለ። በሩ የብረት ነው፤ አንድ ጊዜ ሌባ ሰፈሩ ውስጥ ገባ ሲባል እኔው ነኝ ያስገጠምሁላት። አንኳኳሁ።

"እምዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈች።"

ሳል። ቀጥሎ ድምፅዋ ከበሩ ሥር መጣ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው። "ማን ነህ?"

"ልጅሽ ነኛ!"

"ሰውዬው ልጃችሁ ነኝ ቢልም አትክፈቱ ብሏል።"

ወታደሯ ከኋላዬ ነበረች። ሳቀች ወይስ ተነፈሰች፣ ዞሬ አላየሁም።

"የበኩር ልጅሽ ነኝ፤ ባርኔአ የምኖረው።"

"ባርኔአ ከኖርህ አብረኸኝ አትኖርም። አብሯችሁ ለማይኖር ብሏል።"

"ሰውዬው ምንም አያውቅም እኮ እምዬ! ዝም ብሎ የሚቀባጥር ነው!"

"አፍህን ያዝ። እናት የወለደችውን እንዲህ አትበል።"

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸ ነው። ለስንት ቀን በየሰፈሩ እየዞርሁ ያሳመርኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር እናቴና እኔ መካከል ገብታ ቆመች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በመጨረሻ፣ ለታላቅ ቀን ያስቀመጥሁትን ምሥጢር ለብረት በር አወጣሁት። "እምዬ፣ ሰውዬው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የምለፍፈው።"

ደግማ ሳለች። ከዚያ፣ "እሱ መኪና ላይ ነው የሚናገረው" አለች። ትንፋሿ ከቃል ቃል እየተቆራረጠ ነው። "አንተ ደረጃ ላይ ምን ትሠራለህ? ሂድ። ሂድልኝ ልጄ።"

ልጄ ማለቷን ሰምቻለሁ። ግን እናቴ ፖስታ ለሚያመጣውም ልጄ ነው የምትለው፤ አለፍሁት።

ነጭ የለበሱት የአምቡላንስ ሰዎች ኦክስጅናቸውን ይዘው ወጡ። አንደኛው ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። በሩን የሚቆርጡ የእሳት አደጋ ሰዎች እየመጡ ነው፤ ግን ጊዜ ይወስዳል አለ። ትንፋሿ ያን ያህል ጊዜ መስጠቱን አላውቅም አለ። ያን ጊዜ ፈራሁ። በሩ ላይ ተለጠፍሁ፤ እዚያው ሆኜ ስሟን እየጠራሁ ብረቱን በጥፊ መምታት ጀመርሁ። ከውስጥ "ሂድልኝ" ብቻ ነው የሚመጣው።

እትዬ በራቸውን በጣት ያህል ከፍተው በቀዳዳው ተናገሩ። "ልጄ፣ ያ ሰውዬ ራሱ መጥቶ ክፈቱ ካላለ አትከፍትም። እኛስ ብንሆን እንከፍታለን?"

"ሰማህ?" አለች ወታደሯ። "ያላ፣ ቶሎ ውረድ። መኪናው ላይ ንገራት።"

ከበሩ መላቀቅ አቃተኝ። ከወገቤ ይዛ ነው ያላቀቀችኝ። ወረድሁ፤ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ማይክሮፎኑን አነሣሁ። ልምድ ክፉ ነው፤ እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ሳለ እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ጉሮሮዬን መጥረግ ነው።

"የተከበራችሁ የሺምሾን ነዋሪዎች!" በረንዳው ሁሉ ሞላ። "ቀደም ሲል የተላለፈው መመሪያ ማሻሻያ የተደረገበት መሆኑን እየገለጽን፣ በሦስተኛ ፎቅ የሚገኙ እናት ለልጃቸው..."

እናት ስል ድምፄ ተሰበረ። ያ ወፍራሙ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም። የወጣው አንድ ሌላ፣ ቀጭን፣ ከጎንደር ስመጣ ይዤው የመጣሁት ድምፅ ነው። "እምዬ! ክፈችልኝ! በሞቴ እምዬ፣ ክፈችልኝ! ሁለተኛ አልለፍፍም፣ በሞቴ ክፈችልኝ!" ንፍጤ ከእንባዬ ጋራ ማስኬ ውስጥ እየገባ፣ ሁለቱ ሞንታርቦዎች እየተንሰቀሰቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ። ድምፄ ከሕንፃ ሕንፃ ተጋጭቶ ሲመለስም "ክፈችልኝ፣ ክፈችልኝ" እያለ ነበር። መንገድ ላይ የቀረ ነገር አልነበረውም።

"ኧረ ክፈችለት!" አሉ አንድ ሽማግሌ ከአራተኛ ፎቅ። "ሰው ፊት እያለቀሰ ነው!" ሌሎች እናቶችም በየበረንዳው ተቀበሉ። አንዳንዶቹ አዋጁ ለሁሉም መስሏቸው በራቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ወታደሯ በደረጃው መስኮት ብቅ ብላ እጇን አወዛወዘች። ተከፍቷል።

በወንበር አድርገው አወረዷት። ኦክስጅኑ ፊቷ ላይ ነበር፤ ሻሿ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። ልሮጥላት ስል መዳፏን ዘርግታ ወደ ላይ አነሣችው፤ እዚያው ቁም ማለቷ ነው። ቆምሁ። አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስገቧት እጇ እንደተዘረጋ ነበር።

ሆስፒታል ብዙ ቆይታ፣ ከስታ፣ ግን በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ በዚያ መካከል አልለፈፍሁም። እትዬ እንደነገሩኝ ሰፈሩ "ያ ሰውዬ ምን ነካው?" እያለ ነበር፤ ወታደሯ ሌላ ሰው አግኝታ ትዞራለች፤ እሱ እጃችሁን ታጠቡ ብሎ ብቻ ያልፋል። እናቴ በገባች ማግስት ሄድሁ። በሩን ከፍታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ራቅ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። እንዲያ ሆነን ጠየቅኋት።

"ያን ለት እውነት አላወቅሽኝም እምዬ?"

አየችኝ። "ሽንኩርት ስትገዛ የምታወጣትን ድምፅ ነው የማላውቃት? ከመጀመሪያው ቀን አውቄሃለሁ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ የታደለች እናት?"

"ስልኩ ላይ ደስ ሲልህ ይሰማኝ ነበር። ሥራ ፈትተህ፣ ብቻህን ተቀምጠህ። ምን ላድርግ?"

ያን ሁሉ ማታ በትሕትና ራሴን የተቸሁትን አስታወስሁ። ማስኬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግሁት።

"ከሆነስ ለምን አልከፈትሽም? ልትሞችብኝ ነበር እኮ።"

"ትኩሳቱ እኔ ላይ ነበራ። ብከፍት ዘለህ እላዬ ላይ ልትወድቅ ነው፤ መቼ ድንጋይ ጠብቀህ ታውቃለህ? ሂድልኝ አልሁህ። ብትሄድ ለነዚያ ነጫጮቹ እከፍትላቸው ነበር። አንተ በሩ ላይ ተለጥፈህ!" ትንፋሽ ወሰደች። "ደረጃውን ስትወርድ እግርህን ሰማሁ። ገና የተከበራችሁ ስትል እኔ ቁልፉን ይዣለሁ። እጄ ደክሞ ቆየብኝ እንጂ።"

"ስለዚህ ያን ሁሉ ባላለቅስ ኖሮም..."

"እከፍት ነበር። በክብር ታልፍ ነበር" አለች። "በሞቴ ስትል ነው የደነገጥሁት። ሰው እናቱን በሞቴ ይላል? ሁለተኛ እንዳትለኝ።"

እሽ አልኋት። ወዲያው ደግሞ "ያች ወታደር ግን ጥሩ ልጅ ናት" አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ስገዛ ድምፄን አላወፍርም። እናቴ አብራኝ ስትሆን ብቻ አወፍረዋለሁ። ጉንፋን ያዘህ እንዴ ትለኛለች፤ ደስ ሲላት ይሰማኛል።